በዝናብ አገር የውሃ ማጣሪያ

መቱ ላይ ሆኜ የውሃ ማጣሪያ ልገዛ ነው ስል ሰው ሳቀብኝ። አልፈርድባቸውም። አገሩ ዝናብ የማይለየው ነው፤ ጃንጥላ ሳይዝ ከቤት የሚወጣ ሰው ካየን ከሌላ አገር የመጣ እንግዳ መሆኑን እናውቃለን። ጓሮውን ትንሽ የቆፈረ ሁሉ ውሃ ያገኛል። እዚህ ሰው ገንዘብ ሲያገኝ የሚገዛው ቆርቆሮና ቦት ጫማ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ በመምህራን ማረፊያ ክፍል፣ የሰማዩ ውሃ አልጥምሽ ብሎ ነው ወይ እያለ ሲያስቅብኝ ዋለ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ከዚያ ተነስቼ ወደ ክፍል ገባሁ።

ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። እናቴ ያን ክረምት በሆዷ ምክንያት ሁለት ጊዜ ሆስፒታል ተኝታለች። መጀመሪያ ታይፎይድ ተባለ፣ ቀጥሎ አሜባ። በሁለተኛው ጊዜ ውሃ ከሰውነቷ አልቆ፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ፣ ዓይኗ ጎድጉዶ ነው በባጃጅ ያደረስኳት። ሐኪሙ በግሉኮስ መለሳት። ልንወጣ ስንል ግን እኔን ለብቻዬ ወደ ኮሪደሩ ጠራኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እትዬ አሁን ደህና ናቸው። እንደዚህ ሆነው ደግመው ከደረቁ ግን ኩላሊታቸው መመለሱን እንጃ። የሚጠጡትን ውሃ ይጠብቁላቸው" አለኝ።

እኔ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ አሜባን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስስል፣ ከየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ተማሪ ሳስሸመድድ ኖሬ እናቴን በአሜባ ማስተኛቴ አናደደኝ። ከሐዘን በፊት የሚቀድመኝ ንዴት ነው፤ ተፈጥሮዬ ነው። ቤት ደርሰን እሷን አስተኝቼ ኩሽና ገባሁና ቧንቧውን ከፍቼ ቆሜ አየሁት። የክረምቱ ውሃችን የሻይ መልክ አለው። ደስ ሲለው ይመጣል፣ ሲከፋው ይጠፋል። ከጓሮ ባለው የላስቲክ ታንከር ውስጥ ገብቶ ይተኛል፤ ታንከሩን ስናጥበው ከሥሩ የሚወጣው ደለል ጎመን ያበቅላል።

መጀመሪያ ማፍላት ጀመርኩ። ለማፍላት መብራት ያስፈልጋል፤ መብራት ደግሞ ዝናብ ሲያይ ይሸሻል። በከሰል ላፈላ ስል ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት፣ ማታ ደግሞ ድካም። ይህም ይሁን፣ እናቴ የፈላ ውሃ አልወድም አለች። የፈላ ውሃ ሞቷል ትላለች። የሞተው ውስጡ ያለው ተባይ ነው ብዬ ሳስረዳት፣ ታዲያ ሬሳውን ነው የምታጠጪኝ አለችና አሳቀችኝ። እኔ ከቤት ስወጣ ከቧንቧው እንደምትጠጣ አውቅ ነበር፤ ኩባያው እርጥብ ሆኖ አገኘዋለሁ። እናቴን ማስገደድ አይቻልም። ስለዚህ ከቧንቧው የሚወጣው ራሱ ንጹሕ መሆን ነበረበት።

ከገበያው በላይ የቧንቧ ዕቃ የሚሸጥ አንድ ሰው አለ። የቀድሞ ተማሪዬ ነው። አባቱ ያዮ ላይ ጨውና ሳሙና ይነግዱ የነበሩ ሙስሊም ነጋዴ ነበሩ፤ እሱ ወደ መቱ መጥቶ ሱቁን አሰፋው። አሁን ልጆች አድርሶ፣ ጢሙ ሸብቶ፣ አሁንም ሲያየኝ ከወንበሩ ይነሳል። የልቤን ስነግረው ከመደርደሪያው ሁለት ዓይነት አወረደልኝ። አንደኛው ሁለት የላስቲክ ባልዲ ተደራርቦ በመካከሉ ሻማ የሚሉት የሸክላ ማጥለያ የተተከለበት ነው። ከላይ ውሃ ይጨመራል፣ በሻማው እየሰረገ ወደ ታች ይንጠባጠባል። ሁለተኛው አር ኦ የሚሉት ነው፤ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር የሚገጠም፣ ተርታውን የቆሙ ቱቦዎች፣ ትንሽ ሞተር፣ ትንሽ ታንከርና ለብቻው የሚቆም ቀጭን ቧንቧ ያለው።

አር ኦውን ሊያሞግስልኝ ፈልጎ ብዕር የሚመስል መለኪያ አወጣ። መለኪያውን ነክሮ ቁጥሩ ከፍ ካለ ውሃው መጥፎ ነው ተብሎ ተነግሮታል። ከሱቁ ቧንቧ ቀድቶ ነከረ፤ ቁጥሩ እዚህ ግባ የማይባል ሆነ። ደነገጠ። ከፍሪጁ የታሸገ ውሃ አውጥቶ ነከረ፤ የታሸገው ቁጥር ከቧንቧው በልጦ ተገኘ። ብዕሩን አራገፈ፣ ባትሪውን አወጣና መልሶ ከተተ፣ አሁንም ያው። ሳቄን ዋጥኩና መለኪያው የሚቆጥረው ጨውና ማዕድን እንጂ ተባይ እንዳልሆነ ነገርኩት። የእኛ ውሃ ከዝናብ የመጣ ስለሆነ ጨው የለበትም፤ ጭቃና ተባይ ነው ያለበት። በብዕሩ ቢለካ የእናቴ አሜባ ዜሮ ነው የሚለው። እሱም ሳቀና፣ "እንግዲህ ቲቸር ፈተናውን ራስዎ አውጥተው ራስዎ አረሙት" አለኝ።

በዚያ ቀን ባለ ሻማውን ገዝቼ ብሄድ ኖሮ ነገሩ ባጠረ ነበር። ሥራው ገብቶኛል፤ መብራት አይፈልግም፤ የሚበላሽ ነገር የለውም። ግን እህት አለችኝ። ታናሼ ናት፣ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው የምትኖረው፤ ውሃው ጥርስ የሚያበልዝ አገር። የልጆቿ ጥርስ ስላሳሰባት አር ኦ ካስገባች ቆይታለች፣ ከዚያ ወዲህ ሃይማኖቷ ሆኗል። ስልክ ደውዬ ባለ ሻማ ልገዛ ነው ስላት ጮኸችብኝ። የእናንተ ችግር ጨው ነው፣ የእኛ ግን ጭቃ ነው ብላትም ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብኝ። በመጨረሻ፣ "የእማ ኩላሊት እኮ ነው፤ በባልዲ ትቀልጃለሽ?" አለችና ዘጋችው።

ያቺ ቃል ሥራዋን ሠራች። ሌሊቱን ሳስብ አደርኩ ማለት አልችልም፤ ተኝቻለሁ። ጠዋት ስነሳ ግን ሐሳቤ ተለውጧል። ሜምብሬን የሚሉት የአር ኦው ስስ ወንፊት ቀዳዳ ከባክቴሪያ ይጠባል፤ ተማሪ ባስተማርኩት ልክ እንኳ ሳስበው የሚያልፈው ነገር የለም። ሻማው ግን ይቆሽሻል፣ በብሩሽ ይፋቃል፣ ከተሰነጠቀ ሳይታወቅ ያሳልፋል። እናቴ ብትሞት ኖሮ ለራሴ የምለውን አሰብኩ። ባልዲ ገዛሁላት አልልም። ስለዚህ አር ኦውን ገዛሁ።

ነጋዴው ራሱ መጥቶ ገጠመው። የእኛ ውሃ ጉልበት ስለሌለው ታንከሩን ከፍ ወዳለ ቆጥ አወጣነው፤ ጭቃው ሜምብሬኑን እንዳይደፍነው ከፊት ለፊት ሌላ ወንፊት ጨመረ። እንዲህ ስንል ኩሽናው ቧንቧ ብቻ ሆነ። ሞተሩ ሲነሳ እናቴ በር ላይ ቆማ ታይ ነበር። ከቀጭኑ ቧንቧ ውሃው እንደ ክር ወረደ። አጠገቡ ካለው ጥቁር ላስቲክ ደግሞ ከዚያ በብዙ የበለጠ ውሃ ወደ ፍሳሹ ይሄዳል። ይሄኛው የት ነው የሚሄደው አለች። ማሽኑ የማይፈልገው ነው፣ ይደፋል አልናት። እጇን አስገብታ ቀመሰችው። "ይሄ ሁሉ ውሃ ምን አጠፋ?" አለች።

በማግስቱ ጥቁሩን ላስቲክ ከፍሳሹ ነቅላ ባልዲ ውስጥ ከትታዋለች። በዚያ ውሃ ልብስ ታጥባለች፣ ጎመን ታጠጣለች፣ ደረጃ ትወለውላለች። ባልዲው ሲሞላ ሌላ ትተካለች። ከኩሽና ሥራዋ ሁሉ የሚከብዳት እሱን መጠበቅ ሆነ፤ ቢሆንም የተጣራውን ያለ ጭቅጭቅ ጠጣችው። ጣዕም የለውም አለች፤ ግን ሞቷል አላለችም። ያ ለእኔ በቂ ነበር።

ከዚያ ደህና ጊዜ አሳለፍን። በጋው አለፈ፣ ፊቷ ሞላ፣ ከገበያ ለብቻዋ ደርሳ መመለስ ጀመረች። እኔም ነገረኛ ስለሆንኩ ያ የሥራ ባልደረባዬ ቤት ሲመጣ ከቀጭኑ ቧንቧ ቀድቼ ሰጠሁት፤ ጠጥቶ ምንም አይል ብሎ አመሰገነኝ። ከጎረቤት ከተማ ከኡካ እንኳ ሰዎች ሰምተው ሊያዩት መጡ፤ የዘመዶቻችን ዘመዶች ናቸው፣ ሞተሩን አስነስተን አሳየናቸው። ትንሽ ኮርቼ ነበር።

ሰኔ ሲገባ እናቴ እንደገና ታመመች።

ከትምህርት ቤት ስመጣ ጓሮ ውስጥ ግድግዳ ይዛ ቆማ አገኘኋት። ምን ሆንሽ ስላት ምንም አለች፤ ፊቷ ግን አመድ መስሏል። አልጠበቅኩም። ባጃጅ አስቁሜ በዝናቡ ወሰድኳት፤ ቶሎ ስለደረሰች በግሉኮስ ብቻ ተመለሰች። ያው ሐኪም ነበር። ኩላሊቷን አስመርምሮ ተርፏል አለኝ፤ ቀጥሎ ግን በዓይኑ ብቻ የሆነ ነገር ጠየቀኝ። ውሃውን ይጠብቁ አላልኩዎትም ነበር ወይ የሚል መሰለኝ። ምናልባት እንደዚያ አላሰበም ይሆናል። እኔ ግን እንደዚያ አየሁት።

ንዴቴን የት ላውርደው? ወደ ሱቁ ሄድኩ። የሸጥክልኝ ዕቃ አያጣራም ብዬ ሰው ፊት ተቆጣሁት። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ መሆኑን ያኔ አላወቅኩም። እሱ አልተከራከረኝም፤ "ራኮ ሂንቀቡ፣ ቲቸር፤ ችግር የለም፣ እናስመርምረው" ብሎ ከቀጭኑ ቧንቧ ውሃ ቀድቶ ወደሚመረመርበት ላብራቶሪ ወሰደው። ንጹሕ ነው ተባለ። ካላመኑ ብሎ ሌላ ቀን ደግሞ ቀዳ፤ አሁንም ንጹሕ። ሜምብሬኑን ፈትቶ አሳየኝ፣ ደህና ነው። ታዲያ እናቴ ከየት አገኘችው?

ወደ ቤት ተመለስኩና ውሃዎቹን አንድ በአንድ መመርመር ያዝኩ። ጥርሷን የምትፍቅበትን፣ ሰላጣ የሚታጠብበትን፣ የእርጎው ቅል የሚለቀለቅበትን፣ ጎረቤት ቤት የምትጠጣውን። ጎረቤት ቤት ውሃ አልጠጣም አለችኝ፤ እንደ ወንጀለኛ ትመረምሪኛለሽ ብላ ተቀየመች። ሰላጣውን በፈላ ውሃ ማጠብ ጀመርኩ። የምፈልገውን አጣሁት።

ያገኘሁት ሳልፈልገው ነው። ቅዳሜ ጠዋት ነበር፣ ሥራ የለኝም። ዝናብ ስለነበረ ጋቢዋን ላቀብላት ወደ ክፍሏ ገባሁ። ጸሎቷን ጨርሳለች። ጎንበስ ብላ ከአልጋዋ ሥር ነጩን ጀሪካን ሳበች፣ ትንሿን ኩባያ ሞላች፣ አማተበችና በባዶ ሆዷ ጠጣች። ጠበሏ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ሥር ካለው ምንጭ በየሳምንቱ እየሄደች የምታመጣው፣ እህል ከመቅመሷ በፊት ሁልጊዜ የምትጠጣው። ያን ጀሪካን ስንት ዓመት አይቼዋለሁ። ቤት ስጠርግ ከቦታው አንስቼ መልሼ አኑሬዋለሁ። ውሃ ብዬ ግን አልቆጠርኩትም። በእኛ ቤት ውሃ ሌላ ነው፣ ጠበል ሌላ ነው። ከሁለቱ አንዱን የሚጠይቅ ሰው ስለ ሌላው አይጠይቅም። ውሃሽን ልጠብቅልሽ ስላት ጠበሌንም ማለት አልመጣላትም፤ ለእኔም አልመጣልኝ።

ኩባያዋን ተቀብዬ ወደ መስኮቱ አቀረብኩት። ከሥሩ ቀጭን ደለል አለው። ያ ምንጭ ያለበትን ቦታ አውቀዋለሁ። ከላዩ ከብት የሚውልበት መስክ ነው፤ ክረምት ጎርፉ በምንጩ አፍ ላይ ያልፋል። በጋ ላይ ደህና የነበረችው፣ ሰኔ ላይ የወደቀችው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል። እኔም አወጣሁት። አሁን ምን ላድርገው?

ብናገር ጥሩ እንዳልሆነ እያወቅኩ ተናገርኩ። እንደ አስተማሪ ነው የተናገርኩት፤ ጎርፉን፣ ከብቱን፣ አሜባውን። እናቴ እስክጨርስ ሰማችኝ። ጠበሉ አሳመመኝ እያልሽ ነው አለች፣ ጀሪካኑን መልሳ ከአልጋዋ ሥር አስገባች፣ ከዚያ አኮረፈችኝ። ምሳ አቀረበችልኝ፣ ሸሚዜን አጥባ ሰጠችኝ፣ ግን አታናግረኝም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ለእህቴ ደውዬ ብነግራት እሷም ደነገጠች። ስለ ውሃ ስናወራ አፍ የማታስከፍተኝ ሴት ስለ ጠበል ሳነሳ ድምፅዋ አነሰ። ተይ፣ ከዚህ ነገር እጅሽን አውጪ አለችኝ። ማውጣት ግን አልችልም ነበር። ክረምቱ ገና መግባቱ ነው፤ እያንዳንዱ ጠዋት በኩላሊቷ እንደ መቆመር ነበር።

ወደ ንስሐ አባታችን ሄድኩ። ሽማግሌ ናቸው፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ እኔ ስመጣ ከቤታቸው በረንዳ ላይ ተቀምጠው ዝናቡን ያዩ ነበር። ይቆጡኛል ብዬ ጠብቄ ነገሩን ዳር ዳር እያልኩ ጀመርኩት። እሳቸው ቀድመውኝ ወደ መሐል ገቡ። ምንጩ ክረምት ክረምት እንደሚደፈርስ ያውቃሉ፤ አጥር ይታጠርለት፣ ጎርፉ በሌላ በኩል ይዙር እያሉ ለምእመናኑ ሲናገሩ ኖረዋል። "ጠበል የሚያድነው በጸሎቱ ነው ልጄ፤ በጭቃው አይደለም" አሉኝ። እኛም እኮ ስንቀዳ ነጠላ ጣል አድርገን ነው፤ ማጥለል ነውር የለውም አሉ።

ደስ ብሎኝ ስለ አር ኦው ነገርኳቸው። ጠበሉን በሞተሩ አሳልፌ ላጣራው እችላለሁ አልኩ። እንዴት እንደሚሠራ ጠየቁኝ፣ አስረዳሁ፤ ጥቂቱ ይጠጣል፣ የቀረው ወደ ፍሳሽ ይሄዳል ስላቸው ፊታቸው ተለወጠ። ጠበል እግር የሚረግጠው ቦታ አይደፋም። ይህን እኔም አውቅ ነበር፤ ልጅ ሆኜ ኩባያ ውስጥ የተረፈ ጠበል መሬት ላይ በመድፋቴ ተቆንጥጫለሁ። ግን ማሽኑን ሳስብ አላሰብኩትም። በባልዲ ብንይዘውስ አልኳቸው። ያን ባልዲ የምትጠብቀው እናትሽ ናት፤ አንድ ቀን ቢፈስባት ዕድሜ ልኳን ትጸጸታለች፣ ተይው አሉኝ። ትክክል ናቸው።

እንግዲህ የቀረው ባለ ሻማው ነው። ከላይ የገባው ሁሉ ከታች ይወጣል፤ አንዲት ጠብታ አይጥልም። ወደ ሱቁ ስመለስ አፍሬ ነበር፤ ሰው ፊት የተቆጣሁትን አንስቼ ይቅርታ ጠየቅኩት። እሱ ጉዳዩን አላስረዘመውም። ባለ ሻማውን ከመደርደሪያው አወረደና ለየትኛው ውሃ እንደሆነ ጠየቀኝ። ለጠበል ነው አልኩት። ያወረደውን መልሶ ሰቀለውና ከጓዳ ካርቶኑ ያልተከፈተ አዲስ አመጣልኝ። እጁን ታጥቦ ነው የከፈተው። ሻማውን እንዴት እንደሚፋቅ አሳይቶኝ፣ ለእናቴ ምሕረቱን ያውርድላቸው ብሎ ሸኘኝ።

በማግስቱ ጠዋት ባልዲዎቹን አጥቤ፣ አድርቄ፣ ነጭ ጨርቅ አንጥፌ እናቴ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ላይ አቆምኳቸው። የንስሐ አባታችን ያሉትን ቃል በቃል ነገርኳት። በሐሳቤ ጉዳዩ እዚህ ላይ አልቋል። ካህኑ ፈቅደዋል፣ ዕቃው ተገዝቷል፤ ከእንግዲህ ምን ቀረ? እናቴ ባልዲውን አየችው፣ ነጩን ጨርቅ ዳሰሰችው፣ አይሆንም አለች። ለምን ስላት የጨርቁን ጫፍ ማቃናት ያዘች። ንዴቴ መጣ። ሐኪሙ የነገረኝን እስከ ዛሬ የደበቅኳትን አወጣሁት፤ አንድ ጊዜ ከደገመሽ ኩላሊትሽ አይመለስም አልኳት።

አውቃለሁ አለችኝ። ሐኪሙ በኮሪደሩ ሲናገር በሩ ክፍት ነበር።

"ታዲያ እያወቅሽ?" አልኳት።

አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። "ለራሴ የምጠጣው መሰለሽ? ጅማ ለቀዶ ሕክምና የገባሽ ቀን ተስያለሁ። ልጄን ካተረፍክልኝ እስክሞት ድረስ ከምንጭህ ሳልጠጣ እህል አልቀምስም ብያለሁ። ተረፍሽልኝ። አሁን ይሄ ሸክላ ምኑን እንደሚያስቀር ምኑን እንደሚያሳልፍ በምን አውቃለሁ? ስለቴ ቢጎድል፣ ያ ነገር ቢመለስብሽስ?"

ጅማ የሄድኩት ከብዙ ዓመት በፊት ነው። ከማህፀኔ ዕጢ ተገኝቶ ነበር፤ ወጣ፣ ተመረመረ፣ ደህና ነው ተባለ። እናቴ ያኔ አብራኝ አልነበረችም፤ መንገዱ ስለሚከብዳት እቤት ቀርታ ነበር። ለእኔ ያ ነገር ያለፈ ነው። ጠባሳውን እንኳ የማስታውሰው ልብስ ስለካ ነው። እሷ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝናብ ሳይበግራት ወደዚያ ምንጭ ስትወርድ፣ ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዷ ስትጠጣ የኖረችው እኔን በሕይወት ለማቆየት ነው። ኩላሊቷን አስቀድማ አስባበታለች፤ ከእኔ ጋር አመዛዝናው ወስናለች።

ስለ ዕጢ አስተምሬ አውቃለሁ፤ ስለ አሜባም አስተምሬ አውቃለሁ። ለዚህ ግን የተዘጋጀ ትምህርት የለኝም። እሷን ለማስፈራራት ብዬ አልነበረም፤ ደክሞኝ ነበር፣ ልቤም ተነክቶ ነበር። ጎንበስ ብዬ ጀሪካኑን ሳብኩና ኩባያውን ሞላሁ። ስለቱ ለእኔ ከሆነ እኔም መጠጣት አለብኝ አልኳት። ደለሉ ገና አልረጋም ነበር። አማትቤ ኩባያውን ወደ አፌ አስጠጋሁ።

እናቴ ከአልጋዋ እንዴት እንደተነሳች አላየሁም። አንጓዬን በሁለት እጇ ያዘችኝ።

"ተይ፣ ያምሻል" አለችኝ።

ያለችውን እሷም ሰማችው። ሁለታችንም ኩባያውን እንደያዝን ቆምን። ፊቷን ማየት አልቻልኩም፤ እንባዬ መጥቶ ነበር። ከዚያ ኩባያውን ከእጄ ወሰደችው። አንድ ጠብታ ሳታንጠባጥብ ወደ ጠረጴዛው ሄደች፣ የላይኛውን ባልዲ ክዳን አነሳች፣ ቀስ ብላ ገለበጠችው። ጀሪካኑን አንሺልኝ አለችኝ፤ አነሳሁላት፣ እሷ እያየች ሞላሁት።

አዲስ ሻማ መጀመሪያ ላይ በጣም ይዘገያል። አልጋው ጫፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ጠበቅን። ስትጠጣ ከአጠገቧ ነበርኩ፤ ኩባያውን ወደ አፏ ከማድረሷ በፊት በዝቅተኛ ድምፅ የክርስትና ስሜን ጠራች። ግማሹን ጠጥታ ግማሹን ለእኔ ሰጠችኝ። ቁርስ የቀረበው ረፋዱ ላይ ነው።